የአሳው ስም እና የፍራንክፈርቱ ሰውዬ

አብይ ጾም ሲገባ ቃሊቲ ላይ አንድ ነገር ይቀየራል። ሌላ ጊዜ ቅቅልና ጥብስ የምትሸጠው የሰፈራችን ምግብ ቤት፣ አሳ መኖሩን በሯ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ በቃ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አይገኝም። ሾፌሩ፣ ትራንዚተሩ፣ የፋብሪካ ሰራተኛው፣ ከባቡር የወረደው ተማሪ ሁሉ እዚያው ነው። አሳ ጾም ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ እኛ ቤት ራሱ እስካሁን አልተቋጨም።

አሳው የሚመጣው ከዝዋይና ከቆቃ ነው። ሌሊት በረዶ ለብሶ ይጫንና ጠዋት ቃሊቲ ይደርሳል። በደቡቡ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ነገር መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ስለሆነ፣ ቦሌዎች የሚበሉት የእኛን ትራፊ ነው እያልን እንፎክራለን። ውሸት ነው፣ ግን ደስ ይላል።

አንድ ቀን አስተናጋጇን ምን አይነት አሳ እንደሆነ ጠየቅኳት። ጥብስም ጉላሽም ኮተሌትም አለ አለችኝ። አይ፣ አሳው ራሱ ማነው ስሙ አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። አሳ ነዋ! ሌላ ምን ስም ይኖረዋል?

እኔ ግን የአሳ ስም የጠፋብኝ ሰው ነኝ። ታሪኩ ወዲህ ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አስራ አንድ አመት ሲሆነኝ፣ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከቃሊቲ ቆርቆሮ ጭኖ ባህር ዳር ሲሄድ ጋቢና አስቀምጦ ወሰደኝ። አባይ በረሃን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ አደርን፤ በማግስቱ ጭነቱ ተራግፎ ሲያበቃ ሐይቁ ዳር ወዳለች አንዲት ጭቃ ቤት ይዞኝ ገባ። ሙሉ አሳ መጣ። ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ጥርት ተደርጎ ተጠብሶ፣ ከነጭንቅላቱ። አዋዜ፣ ሎሚ፣ እንጀራ። አጥንቱን አባቴ እየለቀመ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፋልኛል። ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ አርባ ምንጭም ሄጄ ብዙ አሳ በልቻለሁ፤ የአርባ ምንጩን ዱለት በተለይ አልረሳውም። የዚያን ቀኑን የሚተካከል ግን አላገኘሁም።

አባቴ የቤቷን ባለቤት የአሳውን ስም ጠየቃት። ነገረችው። ሁለት ጊዜ ደገመልኝና እንዳልረሳው አዘዘኝ። ረሳሁት። አባቴ ካረፈ ስድስት አመት ሆነው፣ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

አንድ ማታ ስልኬን አንስቼ የጣናን አሳዎች መፈለግ ጀመርኩ። ዝርዝራቸው መጣ። ሳይንሳዊ ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ስምና አመቱ ይለጠፋል። ዝርዝሩን ወደታች ሳንሸራትት አንድ ስም ደጋግሞ መጣብኝ፦ ሩፐል 1835፣ ሩፐል 1835፣ ሩፐል 1835። ማነው ይሄ ሰውዬ ብዬ ገባሁበት፤ ሳላውቀው ሌሊቱ ነጋ።

(ከዚህ በታች ያሉት አመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ሳታውቁት አትቀሩም። በ1973 ኮትዲቯር ውስጥ፣ አቢጃን ከተማ ሰማይ ላይ፣ አንድ ጥንብ አንሳ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከፍታው ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ነበር፤ ወፍ በዚያ ከፍታ ሲበር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተመዘገበም። የዚያ ጥንብ አንሳ ዝርያ የሩፐል ጥንብ አንሳ ይባላል፤ እኛም አገር አለ። ወፍ የሚከታተሉ ሰዎች ዘንድ የሰውዬው ስም እንደ ዘፋኝ ስም ነው።

ኤድዋርድ ሩፐል በህዳር 1794 ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ተወለደ። አባቱ የባንክ ሰው፣ የናጠጠ ሀብታም። ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ነገር ግን በ1817 ወደ ግብፅና ሲና ሄዶ ከሁለት ሰዎች ጋር ተገናኘ፤ አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ቡርክሃርት፣ ሌላው ሄንሪ ሶልት። ሶልት ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ትግራይ ድረስ ዘልቆ የነበረ እንግሊዛዊ ነው። እነሱን ካገኘ በኋላ ንግዱ ቀረ። ልጁ ጣሊያን ሄዶ በፓቪያና በጄኖቫ የእፅዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተለ። ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ ገና የተመሰረተው የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማህበር በ1818 አባል አደረገው። በዘመናችን ቋንቋ፣ የአባቱን ካፒታል ሳይነግድበት ቀረ ማለት ነው። ያን ገንዘብ መንገድ ላይ በላው።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ከ1821 እስከ 1827 ነው። ሲና፣ የአቃባ ባህረ ሰላጤ፣ ከዚያ አባይን ይዞ ወደ ሱዳን። በመጨረሻ ኢትዮጵያ ሊገባ ምፅዋ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ጓዱ ሁሉ ታመመበት። ደጋው ከፊቱ ቆሞ እየታየው ሳይወጣው ተመለሰ። እኔ ከዚህ ሰውዬ ታሪክ በጣም የምወደው ይህን ቦታ ነው። ስድስት አመት ተጉዞ በር ላይ መመለስ! ሌላ ሰው ቢሆን አገሩ ገብቶ ተደላድሎ ይቀመጥ ነበር።

ደግሞም ባዶ እጁን አልተመለሰም። ከቀይ ባህር የሰበሰባቸውን አሳዎች እየሳለና እየገለጸ በመጽሐፍ አሳተማቸው። ኒሞ የሚለውን ፊልም ያያችሁ፣ የዚያ ብርቱካናማና ነጭ አሳ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የቀይ ባህሩን ዝርያ በ1830 ስም ያወጣለት ሩፐል ነው። ጠላቂዎች ናፖሊዮን የሚሉትን፣ ግንባሩ ላይ ጉብታ ያለውን ግዙፍ አሳም በ1835 የሰየመው እሱ ነው። ኮራል መሃል የሚኖሩ ሁለት የሻርክ ዝርያዎችም አሉት።

በ1830 እንደገና ተነሳ። በሚቀጥለው አመት ምፅዋ ገባ። አሁን ጤናውም ልምዱም ነበረው፤ የጠፋው ሰላሙ ነበር። ዘመነ መሳፍንት ነው። ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዚያው አመት የካቲት ደብረ አባይ በተደረገው ጦርነት ተሸንፈው ሞተዋል፤ የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ እጃቸውን ወደ ትግራይ እየዘረጉ ነው። ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት አለ፣ ግን ለስሙ ነው። አንዱ መስፍን ያሳለፈውን ሌላው ያግደዋል። ሩፐል በዚህ መሃል በቅሎዎቹን፣ ሳጥኖቹንና ረዳቱን ኤርክልን ይዞ ከምፅዋ ተነስቶ በሰሜን ተራሮች በኩል ጎንደር ደረሰ። ኢትዮጵያን አቋርጦ የተጓዘ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ተመራማሪ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሰሜን ላይ ያገኘውን ታውቁታላችሁ። ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። አዲስ አበባ ጣራ ላይ የሚጮኸውን ያንን ምንቃረ ወፍራም ቁራም ጭምር። ብሔራዊ ቡድናችን ሲሸነፍ ስማቸውን እያነሳን የምንናደድባቸው ዋልያዎች በሳይንሱ ዓለም የተመዘገቡት በ1835 በእሱ እጅ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፦ ካፕራ ዋሊ። ካፕራ ላቲን ነው፣ ፍየል ማለት ነው። ዋሊ ግን የእኛው ዋልያ ነው። ጭላዳም ጀላዳ ተብሎ ገባ። ሰውዬው ላቲን አልጠፋውም፤ ለሌሎቹ ላቲን ሰጥቷል፤ ለረዳቱ ለኤርክልም አንድ ቆቅ መሳይ ወፍ ሰይሞለታል። አንዳንዴ ግን የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም ሰምቶ እንዳለ ያስቀምጠዋል።

ጎንደር የቆየው ከ1832 ወደ 1833 ነው። ከሊቃውንት ጋር ተዋወቀ፤ የብራና መጻሕፍት ገዛ። መጻሕፍቱ ዛሬም ፍራንክፈርት ናቸው፤ ገዝቶ ነው የወሰዳቸው፣ እኔ ግን ባነሳሁት ቁጥር ትንሽ ይከነክነኛል። ከዚያ ወደ ጣና ወረደ፤ እኔና አባቴ ወደበላነው አሳ ማለት ነው።

ጣና እንደ ሌላው ሐይቅ አይደለም። ውሃው የሚወጣው በአባይ በኩል ነው፤ አባይ ደግሞ ጢስ እሳት ላይ 40 ሜትር ያህል ይወድቃል። ከታች ያለ አሳ ያንን ፏፏቴ ዘሎ አይወጣም። ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ የቀሩት ባርበሶች ለብቻቸው ሆነው ብዙ ዝርያ ወለዱ፤ 15 የሚሆኑት ከጣና በስተቀር የትም የሉም። አንዱ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ አንዱ ሳር፣ አንዱ ጭቃ ይቆፍራል። ስምንቱ ደግሞ አሳ የሚበሉ አሳዎች ናቸው፤ ይሄ ሳይንቲስቶችን እስካሁን ይገርማቸዋል፤ ምክንያቱም የእነዚህ ዘሮች መንጋጋ ጥርስ የለውም። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ዝርያዎቹን በደንብ ለይተው የጨረሱት በ1990ዎቹ የመጡ የሆላንድ ተመራማሪዎች ናቸው። ጀማሪው ግን ሩፐል ነው።

በዚያ ዘመን አሳ ወደ አውሮፓ የሚሄደው አልኮል ውስጥ ተነክሮ ወይም ቆዳው ተገፎ ደርቆ ነው። ከጣና እስከ ምፅዋ በበቅሎ፣ ከምፅዋ በመርከብ። በ1834 አገሩ ተመለሰ፤ በማግስቱ አመት የጣና አሳዎችን ከነስዕላቸው አሳተመ። እነሱን ነው እኔ ስልኬ ላይ ያየሁት፦ በሶ፣ ነድጊያ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ፣ ኢንተርሚዲየስ። የመጨረሻው ላቲን ነው፣ መካከለኛ ማለት ነው። ሌሎቹን ግን ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ እስቲ። እኔ ነድጊያ የሚለውን ሳነብ ነጭ የሚለውን ቃል የሰማሁ ይመስለኛል፤ አንድ ጀርመናዊ ጆሮ «ጭ»ን እንዴት ይጽፋት ብላችሁ አስቡ። በሶማ በሶ ነው፤ የጣና አሳ አጥማጆች ዛሬም በሶ ይሉታል። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው የተናገራት ቃል ቶኪዮም ኒውዮርክም ያለ ተመራማሪ ይጽፋታል ማለት ነው። ከኋላዋ የሚለጠፈው ግን የሩፐል ስም ነው። ስሙን የነገሩት የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎች ስም እዚያ መዝገብ ላይ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመኑ ክብርም ዝምታም አለበት። የኢትዮጵያ ጉዞውን በሁለት ቅጽ ከ1838 እስከ 1840 አሳተመ። የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማህበር በ1839 የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው። በኋለኛ እድሜው ከእንስሳት ይልቅ ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች ጥናት አደላ። በታህሳስ 1884 በተወለደበት ከተማ አረፈ፤ 90 አመት ሞልቶት ነበር። እነዚያ ከጣና የሄዱ አሳዎች አሁንም ፍራንክፈርት በሚገኘው የዜንከንበርግ ሙዚየም አሉ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ይህ በእርግጥ በሶ ነው ወይ ብሎ ቢጠራጠር፣ ማመሳከሪያው እዚያ ያለው ነው።

እኔ ደግሞ ማመሳከሪያዬ ምላሴ ነበር፣ አልረዳኝም።

አንድ ጊዜ ሰርግ ተጠርቼ ባህር ዳር ስሄድ፣ በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ አሳ ወደሚራገፍበት ሄድኩ። ያቺ ጭቃ ቤት የለችም። ቆሮሶ ተቆልሏል፣ አምባዛ ተጋድሟል። አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ስልኬን አውጥቼ የሩፐልን ስሞች አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ሳቁብኝ። በሶን ለዩልኝ፤ ሌላውን ሁሉ ነጭ አሳ ነው የምንለው አሉኝ። አንዱን ካንዱ አይለዩም ወይ ስላቸው ዓይናችን ይለየዋል፣ ገበያው ግን አይጠይቀንም አሉ። እሳቸው የአስተናጋጇን መልስ ከሌላ ጫፍ ነገሩኝ ማለት ነው።

በሶ ይሆን እንዴ አባቴ የነገረኝ ብዬ አሰብኩ። አይሆንም። አስራ አንድ አመቴ ላይ አንድ አሳ በሶ ይባላል ቢሉኝ እስክንፈራፈር ነበር የምስቀው፤ በእኛ ቤት በሶ ማለት እናቴ በስኳር በጥብጣ የምትሰጠኝ የገብስ ዱቄት ነው። እሱን መቼም አልረሳውም ነበር። ስለዚህ ሌላ ነው። ከዝርዝሩ አንዱ ወጣ።

ሽማግሌው በፊት እንዲህ አልነበረም አሉኝ፤ ነጭ አሳው እያነሰም እያጠረም ሄዷል። ሽማግሌዎች ሁሉ እንዲህ ይላሉ እንዳትሉ፣ ቁጥሩም እሳቸውን ይደግፋል። በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ገባ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አስር አመታት ብቻ፣ የሚጠመደው የባርበስ መጠን በሶስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ምክንያቱ የሚያሳዝን ነው። ከእነዚህ አሳዎች ብዙዎቹ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል አባይን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። በየወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡም እዚያው ይጠብቃቸዋል፤ በአንድ ሌሊት ብዙ ማግኘት የሚቻለው ያኔ ነውና። የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም አመት ነው የሚያወጡት።

እኔና አባቴ የበላነው ክረምት ነበር ብያችኋለሁ። ትልቅ አሳ ነበር፣ ሆዱ እንቁላል የሞላበት። አባቴ እንቁላሉን ለብቻው አስጠብሶ ለእኔ ሰጥቶኛል፤ ከሁሉም የጣፈጠኝ እሱ ነበር። አሁን ሳስበው ዝም እላለሁ።

ቃሊቲ ተመልሼ ለአስተናጋጇ ሩፐልን ተረኩላት። ባታምነኝም ሳበላሽባት ሰማችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አሳ ጫኙን ሾፌር ጠይቃ ጠበቀችኝ፦ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ዛሬ ደግሞ ጥቂት ቢልጫ መጥቷል። ቢልጫ! ስልኬን አወጣሁ። የዝዋይና የቆቃ ሰዎች ቢልጫ የሚሉት ያ ሩፐል መካከለኛ ብሎ የሰየመው ኢንተርሚዲየስ ነው። ሰውዬው ያገኘው ጣና ላይ ነው፣ አሳው ግን አዋሽም ውስጥ ይኖራል። የእኛው አቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ቆቃ ይገባል። የፋብሪካችንን እጣቢ በወንዙ እንልካለን፤ አሳው በመኪና ተጭኖ ይመጣልናል።

ቢልጫውን አዘዝኩ። በሩ ላይ ያለው የጠመኔ ጽሑፍ አሁንም አሳ ብቻ ነው የሚለው፤ ሰሌዳው ጠባብ ነው አለችኝ። ትክክል ናት። ሙሉውን ተተልትሎ ተጠብሶ መጣ፣ ከነጭንቅላቱ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር። አጥንቱ ብዙ ነው። ስልክ እያዩ የሚበላ አይደለም፤ ኪሴ ከተትኩት።